ፋይል ስትጭኑ የመልእክቱን መስኮት አንብቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የድርጅትን ድረ ገጽ በራስ አቅም ስለማውጣት በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ ብዙ ሰው እንደሚጠቅም አልጠራጠርም። ስለ ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) አመዘጋገብና ስለ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ የሚያከራይ ድርጅት) አመራረጥ የተባለው ልክ ነው። ፋይሉን ወደ ሰርቨር መጫን ላይ ሲደርስ ግን «ፋይልዚላን አውርዱ፣ በፖርት 21 ግቡ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጎትቱ» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። ሥራው የሚበላሸው እዚያች መስመር ላይ ነው። በተለይ የፖርት 21 ምክር እንዲሁ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ፋይልዚላ ፋይል ወደ ሰርቨር መጫኛ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ፖርት ደግሞ ሰርቨሩ ለአንድ አገልግሎት የሚከፍተው ባለ ቁጥር በር ነው፤ 21 የኤፍቲፒ በር ነው።

ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዛሬም የሚሠራበት መልኩ በ1985 የተደነገገው ነው። በዚያ ዘመን ኔትወርኩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው የሚተዋወቁ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ የይለፍ ቃልን መደበቅ ያሳሰበው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ተራው ኤፍቲፒ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃሉን በግልጽ ጽሑፍ ይልካቸዋል። በካፌ ዋይፋይ፣ በሆቴል ወይም በኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚያነበው፤ በአንዱ ስምዎ፣ በሌላው የይለፍ ቃልዎ እንደተጻፉ ይታያሉ። ብራውዘሮቹ ራሳቸው ይህን መንገድ ትተውታል። ፋየርፎክስ በ90ኛው እትሙ በሐምሌ ወር፣ ክሮም ደግሞ በ95ኛው በጥቅምት ወር፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የኤፍቲፒ ድጋፋቸውን አውጥተዋል። የዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር አሁንም በኤፍቲፒ ያስገባል፣ ግን ተራውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያው ፋይልዚላ ውስጥ አለ። ከላይ ያለውን የኩዊክ ኮኔክት ሳጥን ተዉትና ፋይል ከሚለው ምናሌ ሳይት ማኔጀርን ክፈቱ። አዲስ ሳይት ፍጠሩና ፕሮቶኮል የሚለውን ዝርዝር ተመልከቱ። እዚያ ስማቸው የሚመሳሰል፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ሁለት ነገሮች ታገኛላችሁ። ኤስኤፍቲፒ የሚባለው በስም እንጂ በዘር ከኤፍቲፒ ጋር አይገናኝም። የሚሄደው ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ መገናኛ ላይ ነው፤ ፖርቱ 22 ነው፤ ትእዛዙም ፋይሉም በአንድ የተመሰጠረ መስመር ያልፋሉ። ሁለተኛው ኤፍቲፒኤስ ነው። ይህ ዱሮ የምናውቀው ኤፍቲፒ ቲኤልኤስ በሚባለው ምስጠራ ተሸፍኖ ሲሆን፣ በዚያው በ21 ይገባና የይለፍ ቃሉ ከመላኩ በፊት መስመሩን ይመሰጥራል። ለዚህኛው ፕሮቶኮሉን ኤፍቲፒ አድርጋችሁ ኢንክሪፕሽን በሚለው ሥር «ኤክስፕሊሲት ቲኤልኤስ ይጠየቅ» የሚለውን ምረጡ። «ካለ ይሁን» የሚለውን ምርጫ አልመክርም፤ ሰርቨሩ ምስጠራ ከሌለው በግልጽ ጽሑፍ ይቀጥላል። በ990 የሚገባው ኢምፕሊሲት የሚባለው አሮጌ አሠራር ነውና ሆስቲንጉ ካላዘዛችሁ በቀር አትንኩት።

ከሁለቱ የትኛው? ሆስቲንጉ ከፈቀደ ኤስኤፍቲፒ ይሻላል፤ ለምን እንደሚሻል ትንሽ ቆይቶ ይታያል። ብዙ ሆስቲንግ ድርጅቶች ግን 22ን ትተው በሌላ ቁጥር ስለሚያስገቡ የፖርት ቁጥሩን ከላኩላችሁ የመክፈቻ ኢሜይል ላይ ፈልጉ። ሆስቲንጉን የምትቆጣጠሩበት ገጽ ሲፓነል የሚባለው ከሆነ ደግሞ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በኤስኤፍቲፒ መግባት የሚችለው ዋናው የሲፓነል አካውንት ብቻ ነው። ለሠራተኛ ወይም ለድረ ገጽ ሠሪ ብላችሁ የምትከፍቷቸው ተጨማሪ የኤፍቲፒ አካውንቶች በኤፍቲፒኤስ ብቻ ይሠራሉ። ስማቸውም ሲጻፍ ሙሉውን ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የአት ምልክቱና ዶሜይኑ መግባት አለባቸው። ስሙን ብቻ ጽፎ «የይለፍ ቃሌ ትክክል ነው፣ ለምን አያስገባኝም» የሚል ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

በኤስኤፍቲፒ መጀመሪያ ስትገቡ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን የጣት አሻራ (ሰርቨሩ የሚለይበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ምልክት) አሳይቶ ታምኑታላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ እሺ ብሎ ያልፋል። ሆስቲንጉ አሻራውን በቁጥጥር ገጹ ላይ ካሳየ ግን አስተያዩት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከወራት በኋላ አንድ ቀን አሻራው ተቀይሯል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። ሰርቨሩ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ መሐል የገባ ሰውም ሊኖር ይችላል። ይህን የሚለየው ለሆስቲንጉ የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ፕሮግራሙን ስታወርዱም ከራሱ ከፋይልዚላ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ለዊንዶውስ በሚቀርበው መጫኛ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም «በግብዣ» ተደርቦ ሊመጣ ስለሚችል ቀጥል የሚለውን ቁልፍ በጭፍን አትጫኑ። ዊንኤስሲፒ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው ካለም፣ የፋይልዚላን መስኮትና ምናሌ ከሚመለከተው በቀር ከዚህ በታች የምለው ለእሱም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የፋይልዚላ ገጽ ሲከፈት ከላይ አንድ መስኮት አለ፤ መስመር በመስመር ጽሑፍ ይወርድበታል። አብዛኛው ሰው ዓይኑን አያሳርፍበትም፣ አንዳንዱም ቦታ ያዘ ብሎ ይዘጋዋል። የሚያስፈልገው መልስ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው። ሰማያዊው ፕሮግራሙ የላከው ትእዛዝ ነው፤ አረንጓዴው የሰርቨሩ መልስ ነው፤ ቀዩ ስህተት ነው። በኤፍቲፒና በኤፍቲፒኤስ የሰርቨሩ መልስ ሁልጊዜ በሦስት አሃዝ ይጀምራል። የመጀመሪያው አሃዝ 2 ከሆነ ነገሩ ተሳክቷል፤ 4 ከሆነ ለጊዜው አልሆነም፣ ቆይታችሁ ብትሞክሩ ሊሆን ይችላል፤ 5 ከሆነ የሆነ ነገር ሳትቀይሩ ደጋግማችሁ ብትሞክሩ ዋጋ የለውም። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ችግር ራሱ ይፈታል።

530 ካለ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። እዚህ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ መሞከር ጣጣ ያመጣል፤ ብዙ ሰርቨሮች በተደጋጋሚ የተሳሳተን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ያግዱታል። ከታገዳችሁ በኋላ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ብታስገቡም መልስ አይመጣም፤ ፕሮግራሙ 20 ሰከንድ ጠብቆ ሰዓት አለፈ ይላል። ቢሮው በሙሉ የሚወጣው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ከሆነ ደግሞ የታገደው አንድ ሰው አይደለም፤ ሁሉም ታግዷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን ከቢሮው መስመር አውጥታችሁ በስልክ ዳታ ሞክሩ፤ ከገባ የታገደው አድራሻችሁ ነው፣ ሆስቲንጉ እንዲፈታላችሁ ጠይቁ። 421 ብሎ ግንኙነት በዛ ካለ በአንድ ጊዜ የሚተላለፉትን ፋይሎች ቁጥር ከሴቲንግ ውስጥ ወደ 1 አውርዱት። 550 ፋይሉ ወይም ፎልደሩ የለም፣ ካለም አልተፈቀደላችሁም ማለት ነው። 552 ቦታ ሞልቷል ማለት ነው፤ ይህኛው ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም የፋይሉ ስም ሰርቨሩ ላይ ተፈጥሮ መጠኑ 0 ባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስሙን ያየ ሰው ተጭኗል ብሎ ይሄዳል፤ ድረ ገጹ ነጭ ሆኖ ይወጣል። 226 ካላያችሁ ፋይሉ አልደረሰም።

በተደጋጋሚ የሚያናድደው ግን የመግባት ችግር አይደለም፤ ከገቡ በኋላ የሚመጣው ነው። ስም ተቀብሎ፣ የይለፍ ቃል ተቀብሎ፣ የፎልደሮቹን ዝርዝር ሊያሳይ ሲል ይቆማል። ምክንያቱ ኤፍቲፒ በሁለት መስመር የሚሠራ መሆኑ ነው። በ21 ትእዛዝ ብቻ ይሄዳል፤ ፋይሉም የፎልደር ዝርዝሩም በሌላ መስመር ነው የሚመጣው። ይህን ሁለተኛ መስመር ማን ይከፍተዋል? አክቲቭ በሚባለው አሠራር ሰርቨሩ ወደ እናንተ ኮምፒውተር ይደውላል። ከራውተር ጀርባ ወይም በስልክ ሆትስፖት ላይ ላለ ኮምፒውተር ግን ከውጭ የሚመጣ ጥሪ አይደርስም። ፓሲቭ በሚባለው ሰርቨሩ የሚጠብቅበትን ፖርት ነግሯችሁ እናንተ ትደውላላችሁ። ስለዚህ ከአገራችን ቤትና ቢሮ ምርጫው ፓሲቭ ነው፤ ፋይልዚላም ራሱን ካልነካችሁት የሚጀምረው በዚሁ ነው።

በፓሲቭም ሆኖ ከቆመ ወደ መልእክቱ መስኮት ተመለሱ። 227 ብሎ የሚጀምር አረንጓዴ መስመር አለ፤ በቅንፍ ውስጥ በኮማ የተለዩ ስድስት ቁጥሮች ይዟል። ለምሳሌ 203,0,113,10,195,80 ቢል የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሰርቨሩ አድራሻ ናቸው። አምስተኛውን በ256 አባዙትና ስድስተኛውን ደምሩ፦ 195 ጊዜ 256 ሲባል 49920፣ ሲደመር 80፣ 50000 ይሆናል። ሰርቨሩ «በ50000 እጠብቃለሁ» ብሏችኋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መስመሩ ካልተከፈተ የዘጋው በመካከል ያለ ፋየርዎል (ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ) ነው፤ ወይ የቢሮአችሁ፣ ወይ የሰርቨሩ። ለሆስቲንጉ «አልሠራም አለኝ» ብላችሁ ከመጻፍ ይህን መስመር እንዳለ ገልብጣችሁ ላኩላቸው፤ በሁለት ቀን የሚመጣው መልስ በሁለት ሰዓት ይመጣል። በቅንፉ ውስጥ ያለው አድራሻ በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻውን ነው የሰጣችሁ፤ ጥፋቱ የእነሱ አደረጃጀት ነው። ፋይልዚላ ይህን አውቆ በዋናው አድራሻ ይሞክራል፣ ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። ኤስኤፍቲፒ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ስላለው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ከገባችሁ በኋላ ፋይሉ የት ይቀመጣል? በሲፓነል ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሚባል ፎልደር አለ፤ በሁለቱ ስሞች መካከል የታች ሰረዝ አለው። ሰው የሚያየው ከዚያ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከእሱ ውጭ የተጫነ ፋይል ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ድረ ገጹ ላይ ግን የለም። የተጨማሪ አካውንት ተጠቃሚ ሌላ ወጥመድ ይገጥመዋል። አካውንቱ ሲከፈት በዚያ ፎልደር ውስጥ ታጥሮ ከሆነ ሲገባ የሚያየው ያንኑ የውስጡን ነው፤ ስሙን አያየውም። «ፎልደሩ ጠፍቷል» ብሎ ራሱ ሲፈጥረው ፎልደር በፎልደር ውስጥ ይሆንና ገጹ የሚከፈተው በረጅም እንግዳ አድራሻ ይሆናል።

ስለ ፍጥነት። «ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ ፋይሉ ግን ሰዓታት ፈጀ» የሚባለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የመስመሩ ስፋት ጉዳይ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፋይል ፕሮግራሙና ሰርቨሩ ደጋግመው ይነጋገራሉ፦ ፖርት ስጠኝ፣ እንካ፣ መስመሩን ልክፈት፣ ክፈት፣ ልላክ፣ ላክ፣ ደረሰ። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ከሆነ አንድ ምልልስ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። አምስት ምልልስ አንድ ሰከንድ ነው። 3000 ትናንሽ ፋይሎች ያሉት፣ ጠቅላላ መጠኑ 60 ሜጋባይት የሆነ ድረ ገጽ ብትጭኑ ለንግግር ብቻ 3000 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ደቂቃ ይሄዳል። ሁለት ሁለት ቢላኩ እንኳ 25 ደቂቃ ነው። ያንኑ 60 ሜጋባይት በአንድ ዚፕ ብትልኩት በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 480 ሰከንድ፣ 8 ደቂቃ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ፍሬ በፍሬ የሚያግዝ የለም፤ በጆንያ ነው።

ስለዚህ ዚፕ አድርጋችሁ ጫኑና በሲፓነል ፋይል ማኔጀር ውስጥ ኤክስትራክት በሉት። ሦስት ነገር ልብ በሉ። ዚፑም የተፈታውም አብረው ቦታ ስለሚይዙ ከሚጫነው ሁለት እጥፍ ነጻ ቦታ ያስፈልጋል። ዚፑን ስትሠሩ ፎልደሩን ሳይሆን የፎልደሩን ውስጥ መርጣችሁ አድርጉት፤ ካልሆነ ሲፈታ አንድ ፎልደር ውስጥ ታሽጎ ይወጣና መነሻ ገጹ አይገኝም። ሲያልቅም ዚፑን አጥፉት። ባክአፕ የሚል ስም ያለው ዚፕ በአደባባይ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ነው፤ ስሙን የገመተ ማንም ሰው የዳታቤዙን (የድረ ገጹ ጽሑፎች የሚቀመጡበትን መዝገብ) የይለፍ ቃል ጨምሮ ያወርደዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አደገኛ ልማድ አለ። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ከመንካታቸው በፊት አንድ ቅጂ አስቀርተው በስሙ መጨረሻ ላይ «ኦልድ» ወይም «ባክ» የሚል ይጨምሩበታል። ጥንቃቄ መስሏቸው ነው። ሰርቨሩ ግን ስሙ በፒኤችፒ የሚያበቃውን የፕሮግራም ፋይል ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ መጨረሻው የተቀየረውን እንደ ተራ ጽሑፍ ለጠየቀው ሁሉ ያነብለታል። ቅጂውን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱት እንጂ እዚያው አታስቀሩት። እግረ መንገዴን፣ በኤፍቲፒ ማውረድ ሙሉ ባክአፕ አይደለም። ጽሑፎቻችሁ ያሉት በዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ እሱን ለብቻው ፒኤችፒማይአድሚን በተባለው የዳታቤዝ መሣሪያ ማውጣት ያስፈልጋል። በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎችም፣ ለምሳሌ የሰርቨሩን ትእዛዞች የሚይዘው ነጥብ ኤችቲአክሰስ፣ ሊደበቁ ስለሚችሉ ሰርቨር ከሚለው ምናሌ የተደበቁት እንዲታዩ የሚያስገድደውን ምልክት አድርጉበት።

የፋይል ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን አገር ድረ ገጾች በልዩ ሁኔታ የሚነካ ነው። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርጎ ያያል፤ አብዛኛው ሰርቨር ሊኑክስ ስለሆነ አያይም። በኮምፒውተራችሁ ላይ አምሮ የታየው ፎቶ ሰርቨር ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በፊደላችን የተሰየመ ፋይል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ደንብ (ኢንኮዲንግ) አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያበቃል፤ ረጅም የደብዳቤ ርዕስን እንዳለ የፋይል ስም የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ይህን አጥር በቀላሉ ይነካዋል። ሊንኩን በቴሌግራም ስትልኩት ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይበተናል፤ የ20 ፊደል ስም 180 ምልክት የመቶኛና የቁጥር ዝርዝር ይሆናል።

ከሁሉም የባሰው ግን የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ ፋይሉን «ፀሐይ» ብሎ ሰይሞ ሌላው ሊንኩን «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈው ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ስሞች ናቸውና 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላችኋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የገጹን ርዕስ በአማርኛ አሳምሩት፤ የፋይሉ ስም ግን በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ይሁን፣ ክፍት ቦታም አይኑረው።

«ኤፍቲፒ አማርኛውን አበላሸብኝ» የሚባለውም በአብዛኛው ሐሰት ነው። ጥያቄ ምልክት የሆነው ጽሑፍ ከመጫኑ በፊት ነው የተበላሸው። ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 እትም በፊት የነበረው ኖትፓድ በራሱ ፈቃድ የሚያስቀምጠው ኤንሲ በሚባለው ኢንኮዲንግ ስለነበር ፊደላችንን አያውቅም፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ እሺ ካሉት እያንዳንዱ ፊደል ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፣ አይመለስምም። ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ አስቀምጡ። ለፒኤችፒ ፋይል ደግሞ ቦም የሌለበትን ምረጡ፤ በፋይሉ ራስ ላይ የሚገቡት ሦስቱ የማይታዩ ባይቶች ገጹን ስህተት ያስተፉታል። በፋይልዚላ በኩል ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር የማስተላለፊያውን ዓይነት ከአውቶ ወደ ባይነሪ መቀየር ነው። ያኔ ፋይሉ ባይት በባይት እንዳለ ይሄዳል።

ፐርሚሽንን፣ ማለትም ፋይሉን ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍበት የሚለውን ፈቃድ በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644፣ የይለፍ ቃል ለያዘ የኮንፊግ ፋይል 600 ወይም 640። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ የመጀመሪያው አሃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሁሉ ድምር ነው። «አልሠራ ካለ 777 አድርገው» የሚለው ምክር ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ግን አይሞትም። ለማንም ጻፍበት ብሎ መስጠት ነው፤ አንዳንዱ ሰርቨርም 777 የሆነ ፋይል ሲያይ ጭራሽ አላስኬድም ብሎ 500 (የሰርቨር ስህተት) ይመልሳል።

መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቆረጥ ያልሄዱት ፋይሎች ከታች «ያልተሳኩ» በሚለው ትር ሥር ይቀመጣሉ። እዚያ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ወረፋው መልሷቸው። ፋይሉ አለ፣ ምን ይደረግ ብሎ ሲጠይቅ ሪዝዩም የሚለውን የምትመርጡት ፋይሉ ያው ከሆነ ብቻ ነው። በመካከል አርማችሁት ከሆነ የአዲሱን ጅራት በአሮጌው ራስ ላይ ይቀጥልና የማይረባ ነገር ይወጣል፤ ያኔ ኦቨርራይት በሉ።

«መጠኑ ከተለየ ብቻ ተካ» የሚለው ምርጫም ያታልላል። የስልክ ቁጥር ውስጥ አንድ አሃዝ ብታርሙ የፋይሉ መጠን አይለወጥም፤ ፕሮግራሙ ያልፈዋል፣ ገጹም በስህተቱ ይቆያል። «አዲስ ከሆነ ብቻ» የሚለው ደግሞ በሰዓት ልዩነት ይሳሳታል። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ሰርቨሩ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። በሳይት ማኔጀር የአድቫንስድ ትር ውስጥ ልዩነቱን መሙላት ይቻላል። ኮምፒውተሩን በአገራችን አቆጣጠር 6 ሰዓት አዛብቶ የሞላ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ያስተካክል። ሁሉንም አድርጋችሁ ገጹ አሁንም አሮጌ ከሆነ ብራውዘሩ የያዘውን እያሳያችሁ ነው፤ ኮንትሮልንና ኤፍ 5ን አብራችሁ ተጫኑ።

አዲስ አበባና ውጭ አገር ሆነው አንድ የዕድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፦ ኤፍቲፒ አንድ ፋይል ላይ ሌላ ሰው እየሠራ እንደሆነ አይነግራችሁም። ኋላ የጫነው የፊተኛውን ያጠፋል። ሪሳይክል ቢንም የለም፤ የጠፋው ጠፋ። ከመጀመራችሁ በፊት ተደዋወሉና ያለውን አውርዳችሁ ከዚያ ላይ ተነሡ። ትልቅ ለውጥ ሲሆን አዲሱን በሌላ የፎልደር ስም ጭናችሁ ጨርሱ፤ ሲያልቅ የአሮጌውን ስም ቀይራችሁ አዲሱን በቦታው አድርጉት። ጎብኚው ግማሽ የተጫነ ገጽ አያይም፣ ቢበላሽም ስሙን መመለስ በቂ ነው። በዎርድፕሬስ አንድ ፕላጊን (ተጨማሪ ክፍል) ገጹን ከነመግቢያው ነጭ ካደረገውም ያው ዘዴ ነው፦ በኤፍቲፒ ገብታችሁ የፕላጊኑን ፎልደር ስም ቀይሩ፤ ይጠፋና ገጹ ይመለሳል።

ስለ ይለፍ ቃል አስቀማመጥ አንድ ነገር ይቀራል። ፋይልዚላ የይለፍ ቃልን እንዲያስታውስ ከተደረገ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ አንድ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ማስተር ፓስወርድ ካልተደረገበት የሚያነበው ሰው ወይም ቫይረስ አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋምብላር የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከኮምፒውተሮች የኤፍቲፒ ይለፍ ቃል እየሰረቀ በባለቤቶቹ ስም ገብቶ ድረ ገጾችን የመረዘው እንዲሁ ነበር። ምስጠራው በመስመሩ ላይ እንጂ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ አይጠብቃችሁም። በሴቲንግ ውስጥ ፓስወርድስ በሚለው ሥር ማስተር ፓስወርድ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ክፈቱለትና የለቀቀ ዕለት ዝጉት፤ ዋናው የሆስቲንግ አካውንትና ኢሜይሉ በድርጅቱ ስም እንጂ ድረ ገጹን በሠራው ሰው ስም አይሁኑ።

ዓምዱ በድጋሚ የሚወጣ ከሆነ ሌላው ቢቀር «በፖርት 21 ግቡ» የሚለው መስመር «በኤስኤፍቲፒ፣ ካልተቻለ በኤክስፕሊሲት ቲኤልኤስ» ተብሎ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድረ ገጽና የሰርቨር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ